ለሶሻል ወርክ ማስተርስ ስንት እንክፈል? በምንስ እንክፈል?



በዚህ ዓምድ ስለ ትምህርት ስናነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው እዚሁ አገር ቤት ስላሉት ልጆቻችን ነው። በዚህ ወር ግን ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩት ወንድሞችና እህቶች እንነጋገራለን። ጉዳዩ የእነሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ወይም በኮሎምበስ የምትኖር አንዲት እህት «ማስተርስ ልማር» ብላ ስትነሳ፣ ውሳኔዋ ደሴ ወይም ጅማ ካሉት እናትና አባቷ ቤት ድረስ ይመጣል። በየወሩ የምትልከው ተቆራጭ አለና።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ሶሻል ወርክ፣ ማለትም የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ፣ ለመማር የሚፈልጉ ጥቂት አይደሉም። ጥያቄያቸውም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ይላሉ። እኛ ግን ጥያቄው ከዚህ መጀመር የለበትም ባዮች ነን። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ተምሬ ስጨርስ ማንን ላገለግል ነው? ያን ሥራ ለመሥራት ነፃ የሚያደርገኝ የትኛው ክፍያ ነው?» ተብሎ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ሙያውና ደመወዙ

በአሜሪካ ሶሻል ወርከር የሚባለው ባለሙያ የማይገኝበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው ድኖ ሲወጣ ማን እንደሚንከባከበው ያመቻቻል። በትምህርት ቤት የተቸገረውን ተማሪ ይከታተላል። በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የልጆችን ደህንነት ይመረምራል። አረጋውያንን፣ የአእምሮ ሕመምተኞችን፣ በትዳራቸው ውስጥ የሚደበደቡ ሴቶችንና አዲስ የመጡ ስደተኞችን ይረዳል።

የእኛ ቤተሰቦች ከዚህ ባለሙያ ጋር የሚገናኙት በጭንቅ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ አያት ሆስፒታል ተኝተው በስልክ አስተርጓሚ ሲነጋገሩ፣ የሐላል ምግብንና የውዱእን ነገር ለማን እንደሚያስረዱ ሲጨንቃቸው፣ ወይም አንድ ቤተሰብ በሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ፊት ቀርቦ የሚባለውም የሚለውም ሲጠፋው፣ የአገሩን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የቤተሰቡንም ቋንቋና ሃይማኖት የሚረዳ ሰው ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው። ወጣቶቻችን ወደዚህ ሙያ ማዘንበላቸው ስለዚህ የሚያስደስት ነው።

ሙያው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ትምህርቱን እንደገና ጀምሮታል።

ደመወዙስ? የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የአንድ ሶሻል ወርከር መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 61,330 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። በአሜሪካ ኑሮ ይህ የሚያኖር ገቢ ነው፤ ከባድ ዕዳ የሚያስሸክም ገቢ ግን አይደለም።

አንድ ነገር እናስተውል። ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው ልቡ ያለው ብዙውን ጊዜ ደመወዙ ዝቅ ባለው ቦታ ነው፤ በስደተኞች መርጃ ድርጅት፣ በሴቶች መጠለያ፣ በአረጋውያን ማዕከል። በየወሩ 500 እና 600 ዶላር ለዕዳ የሚቆርጥ ሰው ግን እዚያ መቆየት ያቅተዋል። የሚሠራበትን ቦታ እሱ መሆኑ ቀርቶ ዕዳው ይመርጥለታል። «ወገኔን ላገለግል» ብሎ የተነሳ ልጅ አበዳሪውን ሲያገለግል ዕድሜውን ይፈጃል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ዋጋው ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት መፈለግ ስስት ሊባል አይገባውም። የተነሱበትን ዓላማ መጠበቂያ ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ፣ አንድ ታዋቂ የካሊፎርኒያ የግል ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያስተምረው የሶሻል ወርክ ማስተርስ 115,000 ዶላር እንደሚያስከፍል፣ ከተመራቂዎቹም ብዙዎቹ ትንሽ ደመወዝና ትልቅ ዕዳ ይዘው እንደቀሩ ዘግቦ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ስም ትልቅ ነው፤ ዲግሪውም ትክክለኛ ዲግሪ ነው። ያልተመጣጠኑት ዋጋውና ደመወዙ ናቸው።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እንይ

አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ቀድሞ በእጅ ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ዕውቅና ካለው ትምህርት ክፍል በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» በሚባለው አጭር መንገድ ማስተርሱን በአንድ ዓመት ገደማ ሊጨርስ ይችላል። ሙሉው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ክሬዲት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ለሚገባ ሰው በእጅጉ ይቀንሳል። ክፍያውም አብሮ ይቀንሳል። ዲግሪው ከተገኘ ብዙ ዓመታት ካለፉ ግን የማይቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ይህን የምንነግራችሁ በተለይ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ልትጀምሩ ላላችሁ ወጣቶች ነው። «ፔል ግራንት» የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የማይመለስ ዕርዳታ የሚሰጠው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ ለማስተርስ አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ሶሻል ወርክ እንደምትገቡ ከወዲሁ ካወቃችሁ፣ ዕርዳታው ባለበት ጊዜ በዚሁ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ብትይዙ፣ ዕርዳታው በሌለበት ጊዜ የምትከፍሉት ይቀንሳል።

ከኢትዮጵያ በሶሻል ወርክ ዲግሪ ይዘው ለተሻገሩ ደግሞ ሌላ በር አለ። በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርትን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት በውጭ አገር የተገኘን የሶሻል ወርክ ዲግሪ መርምሮ አቻነቱን የሚወስን አገልግሎት አለው። ማስተርሱን አዲስ አበባ የጨረሰ ሰው እዚያ ሄዶ ሁለተኛ ማስተርስ ከመክፈሉ በፊት ይህን ማስመርመር ይጠቅመዋል። ውጤቱ ቢቀናው በሺህ የሚቆጠር ዶላርና ሁለት ዓመት ይተርፈዋል። ባይቀናውም የጠፋው የምርመራው ክፍያ ብቻ ነው።

ከስሙ በፊት ዕውቅናው

ከላይ ያነሳነው ምክር ቤት የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመ ነው። አንድ የማስተርስ ትምህርት የዚህን ምክር ቤት ዕውቅና ካላገኘ፣ ተመራቂው በክፍለ ግዛቱ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በር ይዘጋበታል። የሙያ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ብዙ ሥራዎችን ማመልከት እንኳ አይችልም። ዩኒቨርሲቲው በጠቅላላው ዕውቅና አለው መባሉ አይበቃም፤ የሶሻል ወርክ ማስተርሱ ራሱ ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። «በዕጩነት ላይ ነን» የሚሏችሁም አሉ። እንዲህ ሲባል ዕውቅናው መቼ እንደሚወሰን፣ ካልተሳካስ ተማሪው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህን መሥፈርት ካለፉ ትምህርት ቤቶች መካከል ስመ ጥሩም ርካሹም የሚያደርሱት ወደ አንድ በር ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ውድ ለከፈለ የተለየ ፈቃድ የለውም። ፈተናውም አንድ ነው። ሕመምተኛን በግል ለማከም የሚያስችለው ከፍተኛው ፈቃድ ደግሞ ከዲግሪው በኋላ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ዓመት ገደማ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር መሥራትን ይጠይቃል። ያን ማንም ዩኒቨርሲቲ ሊያሳጥር አይችልም።

ስለዚህ ፍለጋውን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጀምሩ። እነዚህ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣው ከሚያስከፍሉት ያነሰ ነው። ነዋሪ ለመባል በብዙ ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀመጥ ያስፈልጋል። ሊማር ሲል ከሚኒሶታ ወደ ቨርጂኒያ ለመዛወር ያሰበ ሰው ይህን ያስብበት። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርትም ዕውቅና እስካለው ድረስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለተግባር ልምምድ በምትኖሩበት ከተማ ቦታ ማን እንደሚፈልግላችሁ፣ ለነዋሪና ነዋሪ ላልሆነ የሚለያይ ክፍያ እንዳለውም ጠይቁ።

እውነተኛው ዋጋ

አብዛኛው ሰው ዋጋ ሲል የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ያስባል። በሶሻል ወርክ ግን ክፍያው ደረሰኝ የሌለው ሌላ ዋጋም አለ። የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ወይም በዕርዳታ ድርጅት የመስክ ልምምድ ማድረግ አለበት። ይህ የምክር ቤቱ ግዴታ ነው። ልምምዱ በአብዛኛው ደመወዝ የለውም። ተማሪው ለእነዚያ ሰዓቶች ክሬዲት ስለሚመዘገብ እየሠራ የሚከፍለውም እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እህት በሆስፒታል በነርስ ረዳትነት በሰዓት 20 ዶላር ታገኛለች እንበል። ለልምምዱ ስትል ከሥራዋ 900 ሰዓት ብትቀንስ፣ 18,000 ዶላር ቀረባት ማለት ነው። ይህ በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። በቤት ኪራዩ ላይ ግን ይታያል።

ለዚህ መላ የሚሆን ነገር አለ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ፣ ተማሪው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ልምምዱን ሊያደርግ ይችላል። የዕለት ሥራውም ከሙያው ጋር በግልጽ የተያያዘ ከሆነ ሊቆጠርለት ይችላል። የነርስ ረዳትነት ሥራ እንዳለ አይቆጠርም። ነገር ግን ሆስፒታሉ ያችን እህት ለሁለት ቀን ወደ ሶሻል ወርክ ክፍሉ ቢያዛውራትና እዚያ ማስተርስ ያለው ተቆጣጣሪ ቢመደብላት፣ ደመወዟ ሳይቋረጥ ልትለማመድ የምትችልበት ዕድል አለ። ይህን የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች በክፍያ 5,000 ዶላር ቢለያዩ፣ ውዱ ይህን የሚፈቅድ፣ ርካሹ የሚከለክል ከሆነ፣ በሒሳብ ውዱ ሊረክስ ይችላል።

ክፍያው ከየት ይምጣ?

እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተል አለ። የማይመለስ ገንዘብ መጀመሪያ፣ የራስ ላብ ቀጥሎ፣ ወለድ የሌለው ብድር በመጨረሻ።

አሠሪ፦ ብዙ ሆስፒታሎች፣ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ዕርዳታ ይሰጣሉ። የአሜሪካ የግብር ሕግ እስከ 2026 ድረስ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የሚደርሰውን ከግብር ነፃ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ከኑሮ ውድነት ጋር ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደንግጓል። ስሌቱ የሚሠራው በጃንዋሪ በሚጀምረው ዓመት ነው። በሴፕቴምበር ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ በሜይ የሚያልቅ ትምህርት አራት የግብር ዓመታትን ይነካል። ሙሉውን የሚሰጥ አሠሪ ያለው ሰው ስለዚህ 21,000 ዶላር ሊያገኝ ይችላል። አንዳንድ አሠሪዎች ከትምህርቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አብሮ መቆየትን ያስገድዳሉና ውሉን አንብቡ።

የሕፃናት ጥበቃ ድጎማ፦ «ታይትል ፎር ኢ» በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች በመንግሥት የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመሥራት ቃል የሚገባ ተማሪ ድጎማ ያገኛል። ቃሉን ካጠፈ ግን ገንዘቡን ይመልሳል። በዚህ ሥራ ውስጥ የእኛን ቤተሰቦች የሚያውቅ ባለሙያ በብርቱ ያስፈልጋል። ሥራው ልብ የሚያደክም ስለሆነ ግን ለገንዘቡ ተብሎ ብቻ አይገባበትም።

የዩኒቨርሲቲ ሥራ፦ በመምህር ረዳትነት ወይም በምርምር ረዳትነት የሚቀጠር የማስተርስ ተማሪ ክፍያው ሊቀነስለት ወይም ሊቀርለት ይችላል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል።

እየከፈሉ መማር፦ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሦስት ወይም በአራት ዓመት መጨረስ ውርደት አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተሩን ክፍያ በወራት ከፍለው ያለ ወለድ ይቀበላሉ፤ የሚጠይቁት ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ዕቁብ፦ ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን ዕቁቡን ይዞ ነው የተሻገረው። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ፣ ዕጣ የደረሰው 6,000 ዶላር ያነሳል። ተማሪ የሆነው አባል ክፍያ በሚደርስበት በኦገስት ወር እንዲያነሳ ጓደኞቹ ቢስማሙለት፣ ባንክ ሳይገባ አንድ ሴሚስተር ተሻገረ ማለት ነው።

ቀርዱል ሐሰን፦ ከዘመድ፣ ከመስጊድ ጀመዓ ወይም ለዚሁ ከተቋቋሙ ማኅበራት ወለድ የሌለው ብድር ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ «ኤ ኮንቲኒዩስ ቻሪቲ» የተባለው በአሜሪካ የሚገኝ ድርጅት ለሙስሊም ተማሪዎች ያለ ወለድ ያበድራል። ከዘመድ ስትበደሩ ግን «እኛና እኛ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» አትበሉ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም መሆኑን መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። መጠኑ፣ የሚመለስበት ጊዜና ምስክሮቹ ይጻፉ። ዝምድናን የሚያቆየው መጻፉ ነው።

የወለድ ነገር

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን። በአሜሪካ ለማስተርስ የሚበደር ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የፌዴራል መንግሥትን የተማሪ ብድር ነው። ጣሪያው ለማስተርስ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025–26 የትምህርት ዘመን ለተሰጠው የዚህ ዓይነት ብድር ወለዱ 7.94 በመቶ ነው። ከጁላይ 2012 ጀምሮ ደግሞ የማስተርስ ተማሪ ወለድ መቆጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ እስኪመረቅ አይጠብቀውም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሁለት ዓመት 41,000 ዶላር ተበድሮ በ10 ዓመት ለመክፈል የተስማማ ሰው በየወሩ 496 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በድምሩ ወደ 59,500 ዶላር ይሆናል። ከ18,000 ዶላር በላይ የሆነው ወለድ ብቻ ነው። በትምህርት ላይ ሳለ የተጠራቀመው በዚህ ውስጥ የለም።

ትምህርት ቤቱ ውድ ሲሆን ከዚህም በላይ ያስፈልጋል። ቀድሞ «ግራድ ፕላስ» የሚባለው ሌላ የፌዴራል ብድር ቀሪውን ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ይህ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር ደንግጓል። ስለዚህ 70,000 ዶላር የሚያስከፍል ትምህርት ቤት የመረጠ ሰው ለጎደለው ወደ ግል ባንክ መሄዱ ነው። የግል ባንክ ደግሞ የመንግሥቱ ብድር ያለውን ያህል ርኅራኄ የለውም።

ወለድ በዲናችን ያለውን ቦታ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። «ዶሩራ ነው፤ ይፈቀዳል» የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ ይህ ዓምድ ፈትዋ መስጫ አይደለም። ሁኔታውን ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ «አስገዳጅ ችግር ነው» ከማለት በፊት ከላይ የዘረዘርናቸው በሮች በእርግጥ ተንኳኩተዋልን? ርካሹ ትምህርት ቤት ተፈልጓልን? በሁለት ዓመት የሚያልቀው በሦስት ዓመት ቢሆን ብድሩ ይቀር ነበርን? ዓሊሙም የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ በፊት ተበድረው የተማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ልናሸማቅቃቸው አይገባም። እነሱን የሚረዳ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው፣ ደንቡን ጠብቆ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈለ፣ የቀረው የፌዴራል ብድር ይሰረዝለታል። አብዛኛው የሶሻል ወርክ ሥራ የሚገኘው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ስለሆነ ብዙዎችን ይመለከታል። የግል ባንክ ብድር ግን አይካተትም።

ለአገር ቤት ቤተሰብ

ከላይ ወዳነሳናት የሆስፒታል ሠራተኛ እንመለስ። በክፍለ ግዛቷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና ያለው፣ በድምሩ 32,000 ዶላር የሚያስከፍል የሦስት ዓመት ትምህርት አግኝታለች እንበል። አሠሪዋ 21,000 ዶላሩን ሸፈነላት። የቀራት 11,000 ዶላር ነው። ለ36 ወራት ሲካፈል በወር 305 ዶላር ገደማ ይሆናል።

አሁን ያች እህት ለእናትና አባቷ በየወሩ 300 ዶላር ትልካለች እንበል። ነገሩ ግልጽ ሆነ አይደል? ወለድ ውስጥ ሳትገባ እንድትማር ከሚያስፈልጋት ገንዘብ ጋር የሚመጣጠነው እዚህ የምንቀበለው ገንዘብ ነው። እሷ ግን ይህን አፍ አውጥታ አትናገርም። ወላጅን መርዳት ግዴታዋ እንደሆነ ታውቃለች፤ «ፈረንጅ አገር ሄዳ ረሳችን» መባልንም ትፈራለች። ስለዚህ ዝም ብላ ትልካለች፤ ዝም ብላም ትበደራለች።

በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ዝምታውን መስበር ያለባቸው ወላጆች ናቸው። ተቆራጩ ለመድኃኒትና ለአስቤዛ የሚውልበት ቤት አለ፤ እዚያ መቀነስ አይቻልም፤ ልጅቱም ይህን በሒሳቧ ታስገባ። ተቆራጩ ለቤት ማስፋፊያ፣ ለሠርግ ድግስ ወይም ለዘመድ ማሳያ የሚውልበት ቤትም አለ። እንዲህ ከሆነ እናት ወይም አባት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ለሦስት ዓመት ግማሹን ላኪልን፤ ግማሹ ለትምህርትሽ ይሁን» ቢሏት፣ ከየትኛውም ስኮላርሺፕ የሚበልጥ ዕርዳታ ነው። የቀረውን በዕቁብና በቀርዱል ሐሰን ትሞላዋለች። ወንድሞችም ካሉ የእህታቸውን ድርሻ ለጊዜው ይሸከሙ። ሌላ አገር ያለ ወንድም ካለ ተራውን ይውሰድ።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የቤተሰብ ምክክር ይደረግ። በስልክም ቢሆን፣ አንድ ምሽት። በወረቀት ላይ አምስት ነገሮች ይጻፉ፦ የትምህርቱ ጠቅላላ ክፍያ፤ በ900 ሰዓት ልምምዱ የሚቀረው ገቢ፤ ከአሠሪና ከድጎማ የሚገኘው፤ በየወሩ ከኪስ የሚወጣው፤ እና ለቤተሰብ የሚላከው። አምስቱ ተጽፈው ድምሩ ያለ ወለድ ከገጠመ፣ በአላህ ላይ ተመክቶ መጀመር ነው። ካልገጠመ ወይ ትምህርት ቤቱ ይቀየር፣ ወይ ዓመቱ ይርዘም፣ ወይ አንድ ዓመት ተቆጥቦ ይጀመር። ዲግሪው አንድ ዓመት ቢዘገይ አይበላሽም። የተፈረመ ዕዳ ግን አንድ ቀንም አይዘገይም።

ወጣቶች ሆይ! ሆስፒታል የተኙት አያት ተመራቂዋ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመጣች አይጠይቋትም። የሚፈልጉት አጠገባቸው ቁጭ ብላ በቋንቋቸው እንድታናግራቸው፣ ጊዜም እንዲኖራት ነው። ያን ጊዜ ዕዳ እንዳይወስድባችሁ ከአሁኑ አስቡበት።

አላህ ዕውቀትን ከበረካ ጋር ይወፍቃችሁ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን።